ዘበኛው ወይስ ቤቱ? ከላይደን እስከ ጎንደር የአንድ ጥያቄ ታሪክ

አንድ መርማሪ ዕድሜውን ሙሉ አንድን ተጠርጣሪ ሲከታተል ኖሮ፣ ማስረጃውን ሰብስቦ፣ ዓለምም ክሱን ከተቀበለለት በኋላ ተመልሶ «ጥፋቱ የተከሳሹ ብቻ ላይሆን ይችላልና መዝገቡ እንደገና ይታይ» ቢል የሚገጥመው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። በሆላንድ በላይደን ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል ሲመራመሩ የኖሩት የኢሚዩኖሎጂ ሊቅ ባርት ሩፕ ያደረጉት ይህንኑ ነው። በወጣትነታቸው የዓይነት 1 የስኳር በሽታ ተጠርጣሪ የሆኑትን የደም ሕዋሳት ከታማሚ ደም ለይተው ካወጡት ጥቂት ሰዎች አንዱ ነበሩ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ግን ከባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት ጽሑፍ የበሽታው መነሻ ራሱ የተጠቃው ሕዋስ ሊሆን ይችላል ብለው ጠየቁ።

ጥያቄው የቤተ ሙከራ ክርክር ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ከስኪዳም በባቡር ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ በሚደረስባት በላይደን የተነሣው ይህ ጉዳይ፣ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ገጠር በየወሩ ኢንሱሊን ለመቀበል ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄደውን ወጣት ገበሬ በቀጥታ ይነካል። የበሽታው ስም፣ የመድኃኒቱ ዓይነት፣ የወደፊቱም ተስፋ «ማን ጀመረው?» በሚለው ጥያቄ መልስ ላይ ይንጠለጠላል። ታሪኩን ከሥሩ መመልከት የሚገባንም ስለዚህ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከመድኃኒት እስከ ምክንያት

ኢንሱሊን ለመጀመሪያ ጊዜ ለስኳር ታማሚ የተሰጠው በ1922 በካናዳ ቶሮንቶ ነው። ከዚያ ቀን በፊት የዓይነት 1 የስኳር በሽታ የያዘው ልጅ የሚጠብቀው ሞት ብቻ ነበር። ኢንሱሊን ከተገኘ በኋላ ሕይወት ተረፈ፤ በሽታው ለምን እንደሚመጣ ግን ለብዙ ዐሥርት ዓመታት አልታወቀም። ሐኪሞች የጎደለውን መተካት ቻሉ እንጂ እንዴት እንደጎደለ ማስረዳት አልቻሉም።

የጎደለው ነገር የሚሠራው በቆሽት ውስጥ ነው። በቆሽት ውስጥ እንደ ደሴት ተበታትነው የሚገኙ ጥቃቅን የሕዋስ ስብስቦች አሉ፤ ከእነርሱም መካከል ቤታ የሚባሉት ሕዋሳት በደም ያለውን የስኳር መጠን እየለኩ ኢንሱሊን ያመነጫሉ። በዓይነት 1 የስኳር በሽታ የሚጠፉት እነዚህ ናቸው። በ1965 በብራስልስ የሚሠሩት ዊሊ ጌፕትስ በሽታው በታወቀ በአጭር ጊዜ ውስጥ የሞቱ ወጣቶችን ቆሽት በማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ፣ በአብዛኞቹ ደሴቶቹ በነጭ የደም ሕዋሳት ተወርረው አገኟቸው። ከበሽታ ሊጠብቅ የተሠማራው ሠራዊት በገዛ አገሩ ከተማ ውስጥ ሰፍሮ ታየ። በ1974 ደግሞ በለንደን የነበሩት ጃን ፍራንኮ ቦታዞና ባልደረቦቻቸው በታማሚዎች ደም ውስጥ እነዚህኑ ደሴቶች ለይተው የሚይዙ አንቲቦዲዎችን አገኙ። በዚህ ጊዜ ክሱ ተመሠረተ፤ ሰውነት ራሱን ያጠቃል፣ ዘበኛው በገዛ ቤቱ ላይ ተነሥቷል ተባለ።

የላይደኑ ደም ባንክ

ለዚህ ክስ ከዋነኞቹ ማስረጃዎች አንዱ የተወለደው ስለ ስኳር በሽታ ምንም ባላሰበ ሰው እጅ ነው። በ1926 በዘ ሄግ የተወለዱት ዮን ፋን ሮድ በላይደን ሆስፒታል የደም ባንኩ ኃላፊ ነበሩ። በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ ቀድሞ ደም ወስዳ የማታውቅ አንዲት እናት ከወለደች በኋላ ደም ሲሰጣት ሰውነቷ ክፉኛ ተቆጣ። ፋን ሮድ ምክንያቱን በእርግዝናው ውስጥ ፈለጉት። ፅንሱ ከአባቱ የወረሰው ለእናቲቱ እንግዳ የሆነ ምልክት አለ፤ የእናቲቱም ሰውነት በዚያ ምልክት ላይ አንቲቦዲ ሠርቷል ብለው አሰቡ። በ1958 ከባልደረቦቻቸው ጋር በእርጉዝ ሴቶች ደም ውስጥ ነጭ የደም ሕዋሳትን የሚይዙ አንቲቦዲዎች መኖራቸውን አሳተሙ። ቀጥሎም ከብዙ እናቶች የተሰበሰበውን ደም እርስ በርስ እያነጻጸሩ፣ ውጤቱንም በዚያ ዘመን ብርቅ በነበረው ኮምፒዩተር እየደረደሩ፣ የነጭ የደም ሕዋሳትን ምድቦች ለዩ።

ዛሬ ኤች ኤል ኤ ተብሎ የሚጠራው ይህ የምልክት ሥርዓት ለእያንዳንዱ ሰው የተሰጠ የመታወቂያ ወረቀት ነው ቢባል ያስኬዳል። ሕዋሳት በውስጣቸው ያለውን የፕሮቲን ቁራጭ ወደ ውጭ አውጥተው ለዘበኞቹ የሚያሳዩበት ሰሌዳም እርሱ ነው። ፋን ሮድ ይህን እውቀት ይዘው በ1967 ዩሮትራንስፕላንትን መሠረቱ፤ ኩላሊት ከአንድ አገር ወደ ሌላው ተሻግሮ ለሚስማማው ሰው የሚደርስበት መንገድ ተከፈተ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የአንዳንድ የኤች ኤል ኤ ዓይነት ባለቤቶች ለዓይነት 1 የስኳር በሽታ ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸው ተደረሰበት። የመታወቂያ ወረቀቱ ዓይነት የበሽታውን ዕድል የሚወስን ከሆነ ዘበኞቹ በጉዳዩ ውስጥ እጃቸው አለበት ማለት ነው። ላይደን የዚህ እውቀት መዲና ሆነች፤ ባርት ሩፕም ያደጉት በዚህ ትምህርት ቤት ነው።

ምስክርና ወንጀለኛ

ሩፕ የተነሡበት ጥያቄ አጭር ነው፤ አንቲቦዲው ገዳይ ነው ወይስ ምስክር? አንቲቦዲ በደም ውስጥ በቀላሉ ስለሚለካ የብዙዎች ትኩረት በእርሱ ላይ ነበር። በጌፕትስ ሥዕሎች ላይ ደሴቶቹን ወርረው የታዩት ግን ሕዋሳት ናቸው። ሩፕ በ1990 በኔቸር መጽሔት ከላይደኑ ረኔ ደ ፍሪስና ከእንግሊዙ ጆን ሃተን ጋር ባሳተሙት ጥናት፣ በዓይነት 1 የስኳር በሽታ ከተያዘ ሰው ደም የቲ ሕዋሳትን ለይተው አራቡ፤ እነዚህም ሕዋሳት ኢንሱሊን በሚከማችበት ከረጢት ውስጥ ለሚገኙ ፕሮቲኖች ምላሽ እንደሚሰጡ አሳዩ። ተጠርጣሪው ስምና መልክ አገኘ።

ከዐሥራ አንድ ዓመት በኋላ ሩፕ የተሳተፉበት ሌላ ጥናት የአንቲቦዲውን ነገር ቁርጥ አደረገው። አንድ ልጅ በተፈጥሮው አንቲቦዲ የሚሠሩት ቢ ሕዋሳት የሉትም። ይህ ልጅ በዓይነት 1 የስኳር በሽታ ተያዘ። አንቲቦዲ መሥራት በማይችል ሰውነት ውስጥ በሽታው ከተነሣ አንቲቦዲው ለበሽታው የግድ አያስፈልግም ማለት ነው። በ2001 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት የወጣው ይህ የአንድ ልጅ ታሪክ ብዙ ሺህ ሰዎችን ከለካ ጥናት ያላነሰ ክብደት አለው። የአገራችን ሰው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላል። ውሻው መጮኹ ጅብ እንደነበረ ይነግረናል፤ ጥፋቱን ያደረሰው ግን ውሻው አይደለም። ውሻ በሌለበት ቤት ደግሞ ዝምታው ጅቡ እንዳልመጣ ማስረጃ አይሆንም። ይህን ነጥብ አንባቢ ይያዝልን፤ ጎንደር ስንደርስ እንፈልገዋለን።

ከዚያ በኋላ መዝገቡ መወሳሰብ ጀመረ። በ2004 የለንደንና የላይደን ተመራማሪዎች በጋራ ባወጡት ጥናት፣ ለቤታ ሕዋስ ፕሮቲኖች ምላሽ የሚሰጡ ቲ ሕዋሳት በጤነኞችም ደም ውስጥ ተገኙ። ልዩነቱ የጠባይ ነው፤ በታማሚዎች ዘንድ እሳት የሚያነድዱ፣ በጤነኞች ዘንድ ግን የሚያበርዱ ናቸው። እንግዲህ የዘበኛው በቤቱ መገኘት ብቻውን ወንጀል አይደለም። ታዲያ ምን አስቆጣው?

የላይደኑ ቡድን በ2017 በኔቸር ሜዲሲን ያቀረበው መልስ ዓይኑን ወደ ቤታ ሕዋሱ መለሰ። ቤታ ሕዋስ ሥራ የሚበዛበት ፍጡር ነው፤ ሲቀሰቀስ በደቂቃ እስከ አንድ ሚሊዮን የሚደርስ የኢንሱሊን ሞለኪውል ይሠራል ይባላል። እንዲህ ያለ ፋብሪካ ሲጨነቅ ስሕተት ይሠራል። ተመራማሪዎቹ እንዳሳዩት በጭንቀት ላይ ያለ ቤታ ሕዋስ የኢንሱሊንን መመሪያ ከተሳሳተ ቦታ ጀምሮ ያነበዋል፤ ከዚያም የሚወጣው ኢንሱሊን ሳይሆን ሰውነት ከዚያ በፊት አይቶት የማያውቅ ባዕድ ፕሮቲን ነው። ሕዋሱ ይህን ባዕድ ነገር በኤች ኤል ኤ ሰሌዳው ላይ ያወጣዋል፤ ዘበኛውም ያየዋል። በታማሚዎች ደም ውስጥ ይህንኑ ፕሮቲን ለይተው የሚያጠቁ ቲ ሕዋሳት ተገኙ። በዚህ አመለካከት ዘበኛው አላበደም፤ በሠለጠነበት ሥራ ላይ ነው። ቤቱ ውስጥ እንግዳ አየ፣ ተኮሰም። በ2021 ሩፕና ባልደረቦቻቸው ዓይነት 1 የስኳር በሽታን የቤታ ሕዋስ በሽታ አድርገው የሚያቀርበውን፣ የሰውነትን መከላከያ መክሰስ ይቅር ይሆን ብሎ በርዕሱ የሚጠይቀውን ጽሑፋቸውን አወጡ።

ይህ ማለት ዘበኛው ነጻ ወጣ ማለት አይደለም። በ2019 የታተመ ጥናት ቲ ሕዋሳትን የሚያለዝበው ቴፕሊዙማብ የተባለው መድኃኒት ለበሽታው በተቃረቡ 76 ሰዎች ላይ ተሞክሮ፣ የበሽታውን መገለጥ በአማካይ በሁለት ዓመት ያህል እንዳዘገየ አሳየ፤ በ2022ም የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን ፈቀደው። ዘበኛውን ማረጋጋት ቤቱን ካቆየው ዘበኛው እጁ የለበትም ሊባል አይችልም። ይሁንና አቆየው እንጂ አላዳነውም። የሩፕ ቡድንም ሁለቱን ሐሳቦች በአንድ እጅ ይዟል። በ2020 ባወጡት ሙከራ ከ9 ታማሚዎች ራሳቸው ደም የተዘጋጁ፣ ዘበኞችን መቻቻል የሚያስተምሩ ሕዋሳትን መልሰው በቆዳ ውስጥ ወጉ። ሙከራው የተነደፈው ጉዳት አለማድረሱን ለማየት ነበር፤ በዚህም ተሳካ። ዓላማው ሠራዊቱን መበተን ሳይሆን ማስተማር ነው።

ጎንደር፤ በመጽሐፉ ያልተገኘው ታማሚ

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ የተቀዳው ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ ታማሚዎች ደም ነው። በእነዚያ አገሮች የዓይነት 1 የስኳር በሽታ ብዙ ጊዜ በልጅነት ይታወቃል፤ ልጁም ከመታመሙ በፊት ጠግቦ ያደገ ነው። በጎንደር የሚሠሩት ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙ ያዩት ግን ሌላ ነበር። እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው በ2009 በዲያቤቶሎጂያ መጽሔት እንዳሳወቁት፣ በገጠር ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ታማሚዎች በአብዛኛው ድሆች፣ ቁመታቸው ያጠረ፣ ሰውነታቸው የከሳ ወጣት ጎልማሶች ናቸው፤ ከሴቶች ይልቅ ወንዶች ይበዛሉ። ጽሑፉ በርዕሱ የተዘጋ መዝገብ እንዲከፈት ጠየቀ።

የተዘጋው መዝገብ ይህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1985 ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የስኳር በሽታ የሚል ምድብ አውጥቶ ነበር። በ1999 ግን ማስረጃው አልበቃም ተብሎ ምድቡ ተሰረዘ። ስሙ ሲሰረዝ ታማሚዎቹ አልጠፉም፤ በዓይነት 1 ወይም በዓይነት 2 መዝገብ ውስጥ ተከፋፍለው ገቡ እንጂ።

እዚህ ላይ የጎንደር ሥራ ከምን ዓይነት አፈር እንደበቀለ መናገር ያስፈልጋል። ፕሮፌሰር ሽታዬና ብሪታንያዊው ሐኪም ኤልድሪድ ፓሪ ከሌሎች ጋር በጎንደርና በጅማ ባካሄዱት መርሐ ግብር፣ የረጅም ጊዜ ሕመም ክትትል ከሆስፒታል ወጥቶ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ወረደ። ነርሶች ሠለጠኑ፤ የስኳር፣ የሚጥል በሽታና የደም ግፊት ታማሚዎች በአቅራቢያቸው መታየት ጀመሩ። ሁለት ቀን በእግር ሄዶ ሆስፒታል የሚደርስ ሰው ኢንሱሊኑ ባለቀ ቁጥር ሊመላለስ አይችልም፤ ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ብዙ ማከማቸትም አይሆንለትም። ስለዚህ ምርምሩ ከሕክምናው ተለይቶ የቆመ አልነበረም፤ ታማሚው በሕይወት ቆይቶ መዝገብ ላይ ባይሰፍር ኖሮ ጥያቄውም አይነሣም ነበር።

በ2020 በዚያው መጽሔት የወጣው ጥናት የላይደንን መሣሪያ ወደ ጎንደር አመጣው። ፕሮፌሰር ሽታዬ በመጀመሪያ ስማቸው የሚታየው ይህ ሥራ ዕድሜያቸው ከ35 ያልበለጠ 236 በቅርብ የታወቁ የአማራ ገጠር ታማሚዎችን ከ200 ጤነኞች ጋር አነጻጸረ። በሽታው በ15 ዓመት ወይም ከዚያ በፊት የጀመራቸው 15.3 በመቶ ብቻ ናቸው። አንቲቦዲ የተገኘባቸው ድርሻ ከዕድሜ ጋር ይወርዳል፤ እስከ 15 ዓመት ከጀመራቸው 86.1 በመቶ፣ ከ16 እስከ 25 ከጀመራቸው 59.7 በመቶ፣ ከ26 እስከ 35 ከጀመራቸው 50 በመቶ። የኤች ኤል ኤ ምርመራውም በአውሮፓ ለበሽታው የሚያጋልጡት ዓይነቶች በአማራውም ዘንድ እንደሚያጋልጡ፣ የሚከላከለውም እንደሚከላከል አሳየ። የጥናቱ መደምደሚያ አብዛኞቹ ታማሚዎች ሰውነት ራሱን የሚያጠቃበት የዓይነት 1 የስኳር በሽታ መለያዎች አሏቸው የሚል ነው። አጭር ቁመታቸው፣ ክሳታቸውና የበሽታው ዘግይቶ መጀመር ግን ማብራሪያ ሳያገኙ ቀሩ።

የዚህ ውጤት ክብር በሁለት በኩል ነው። በአንድ በኩል ብዙዎች የጠበቁትን አላገኘም፤ ረኃብን ብቸኛ ጥፋተኛ አላደረገም። ሐሳባቸው በ2009 ወደ ምግብ እጥረት ያዘነበለ ተመራማሪዎች በ2020 የራሳቸው መረጃ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሲመራቸው ተከትለውታል። በሌላ በኩል የቀረውን አልደበቀም። ከጎልማሶቹ ግማሽ ያህሉ ምስክር የላቸውም። ስለዚህ የላይደኑን ትምህርት እንጥራው። ውሻው አለመጮኹ ጅቡ አልመጣም ማለት አይደለም፤ መጥቷልም ማለት አይደለም።

ክርክሩ ከዚያ ወዲህ አልቆመም። በ2025 በካሜሩን፣ በኡጋንዳና በደቡብ አፍሪካ 894 በወጣትነት የታመሙ ሰዎችን ያጠና ሥራ 65 በመቶው ምንም አንቲቦዲ እንደሌላቸው፣ የዘር ተጋላጭነታቸውም ዝቅተኛ እንደሆነ አሳየ። በዚያው ዓመት በባንኮክ የዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ከምግብ እጥረት ጋር ለተያያዘው በሽታ «ዓይነት 5» የሚል ስም አወጀ። መዝገቡ ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ተከፈተ።

የረኃቡ ክረምት

በስኪዳም፣ በሮተርዳምና በዘ ሄግ ለምንኖር ሰዎች ረኃብና ስኳር በአንድ ዓረፍተ ነገር መገናኘታቸው እንግዳ ሊሆንብን አይገባም። ከ1944 መገባደጃ እስከ 1945 የጸደይ ወራት፣ በጀርመን ወረራ ሥር የነበሩት እነዚህ የምዕራብ ሆላንድ ከተሞች ምግብና ማገዶ ተቋርጦባቸው ነበር፤ ከ20,000 በላይ ሰው ሞተ። ከዐሥርት ዓመታት በኋላ በአምስተርዳም የዚያን ዘመን የወሊድ መዝገብ ያገላበጡ ተመራማሪዎች፣ በማኅፀን ሳሉ ረኃቡ የደረሰባቸው ሰዎች በሃምሳ ዓመታቸው ግድም ስኳርን የማስተናገድ አቅማቸው እንደደከመ አገኙ። ጥናቱ በ1998 በላንሴት ታተመ። በጎንደሩ ሥራ የተሳተፉት ዴቪድ ፊሊፕስም የፅንስ ዘመን አመጋገብ በጎልማሳነት በሽታ ላይ ያለውን ፋይዳ ሲያጠኑ የኖሩ የሳውዝሃምፕተን ሊቅ ናቸው።

ሆላንዳውያኑ ላይ የታየው ግን የዓይነት 1 የስኳር በሽታ አልነበረም። አንድ አጭር ረኃብ አልፎ ጥጋብ የመጣበት ሕዝብ ከአንድ ትውልድ በላይ በእጥረት ከሚኖር ገጠር ጋር እኩል አይሆንም። ቢሆንም አንድ ነገር ያስተምረናል፤ ቤታ ሕዋስ ታሪክ ያለው ሕዋስ ነው። በእጥረት የተገነባ ፋብሪካ ጥቂት ሠራተኛ ይዞ ሊጀምር፣ ከዚያም በሥራ ብዛት ሊጨነቅ ይችላል። የሩፕ ሐሳብ እውነት ከሆነና የተጨነቀ ሕዋስ ዘበኛውን የሚጠራ ከሆነ፣ «ረኃብ ነው ወይስ የሰውነት መከላከያ?» የሚለው ምርጫ ራሱ የተሳሳተ ሊሆን ይችላል። የደከመ ቤትና የነቃ ዘበኛ በአንድ ሰው ውስጥ ሊገናኙ ይችላሉ። ይህ ገና የተረጋገጠ ነገር አይደለም፤ ሊፈተን የሚገባው ጥያቄ ግን ነው፤ ለመፈተንም ከጎንደር የተሻለ ቦታ ብዙ አይገኝም።

ስም ሲሳሳት

ከሁሉ በላይ ክርክሩ በታማሚው ገላ ላይ ምን ያስከትላል? ኢንሱሊን የማያመነጭ ሰው ዓይነት 2 ተብሎ ክኒን ብቻ ቢሰጠው በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ደሙ አሲድ ሆኖ ሊሞት ይችላል። የጎንደር ታማሚዎች ኢንሱሊን ዝቅተኛ ቢሆንም ጨርሶ እንዳልጠፋ ጥናቱ አሳይቷል፤ ለኢንሱሊንም ሰውነታቸው ቶሎ ምላሽ ይሰጣል። ለእንዲህ ያለ ከሲታ ሰው በመጽሐፍ የተጻፈ መጠን ቢበዛበት፣ በቂ ምግብም ቤቱ ከሌለ፣ የስኳሩ መውረድ ራሱ አደጋ ነው። ሰውነትን መቻቻል የሚያስተምሩ አዳዲስ ሕክምናዎችም ወደፊት ሲመጡ፣ በሽታው በዘበኛው ያልተነሣበትን ሰው አይጠቅሙም። የዘር ተጋላጭነትን የሚለካው ሚዛን ከአውሮፓውያን መረጃ የተሠራ ነው፤ የአማራው የዘር መዝገብ ከአውሮፓውያንም ከሌሎች አፍሪካውያንም የተለየ ሥፍራ እንዳለው ያው ጥናት ገልጿል። በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ልብስ ይለበስ ይሆናል፤ አይገጥምም።

ሆላንድ ለምንኖርም ጉዳዩ ቅርብ ነው። አንድ ቀጭን ወጣት ኢትዮጵያዊ ውሃ እየጠማው፣ ሽንት እየበዛበትና እየከሳ ወደ ቤተሰብ ሐኪሙ ሲሄድ፣ የአንቲቦዲ ምርመራው ባዶ ሆኖ ቢመለስ ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም። ሰውነቱ ምን ያህል ኢንሱሊን እንደሚሠራ የሚያሳየው የሲ ፔፕታይድ ምርመራ መጠየቅ የሚገባው እዚያ ላይ ነው።

የዚህ ታሪክ ሰዎች እርስ በርሳቸው ሁሉም አልተገናኙም። ፋን ሮድ የአንዲት እናትን ደም ሲመረምሩ ጎንደርን አላሰቡም። አንቲቦዲ የሌለው ልጅ ከእርሱ የተገኘው እውቀት አንድን የደንቢያ ወይም የወገራ ገበሬ ለመረዳት ይጠቅማል ብሎ የነገረው የለም። እውቀቱ ግን በአንድ መንገድ ብቻ የሚፈስ አይደለም። ላይደን የነጭ የደም ሕዋሳትን ቋንቋ ለጎንደር ሰጠች፤ ጎንደር ደግሞ የላይደን መጻሕፍት ያልጻፉትን ታማሚ ይዛ ቆመች። ሩፕ ተጠርጣሪውን ለመክሰስ የበቁት ደሙን ስለያዙ ነው፤ መዝገቡ እንዲታይ የጠየቁትም ማስረጃውን ስለተከተሉ ነው። ፕሮፌሰር ሽታዬም ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ እርሳቸው ያደረጉት ቤተ ሙከራው ሩቅ፣ ታማሚው ግን ቅርብ በሆነበት ስፍራ መሆኑ ነው። የቀሩት ግማሽ ጎልማሶች መልስ ገና ይጠበቃል፤ መልሱም ሲገኝ የሚጻፈው ከእነርሱ ከራሳቸው ደም ነው።